ካርድ ለምትሰጠን መምህርት ካርድ እንስጣት፦ ከትናንሽ ልጆች ጋር የምስጋና ካርድ አሠራር

ሰኔ ሲገባ «ካርድ የሚሰጠው መቼ ነው?» የማይል ወላጅ የለም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነገር በአንዲት ካርድ ተጽፎ ይመጣል። ስንተኛ ወጣ፣ አማርኛ ስንት አመጣ፣ ጠባዩ እንዴት ነው። ያንን ካርድ ለክፍሉ ልጅ ሁሉ ቁጭ ብላ የሞላችው መምህርት ግን ከእኛ የምታገኘው ብዙ ጊዜ በር ላይ የተጣለች «እናመሰግናለን» ናት።

እኛ ቤት ከአራት ዓመት ወዲህ ልማድ ሆኗል። ካርድ በሚሰጥበት ቀን ልጆቼም ለአስተማሪዎቻቸው ካርድ ይሰጣሉ። በገዛ እጃቸው የሠሩትን።

የመጀመሪያው ዓመት ግን እንዲህ አልነበረም። ልጄ አራት ዓመቱ ነበር። ካርዱን ከሞላ ጎደል የሠራሁት እኔ ነኝ። ማታ እሱ ከተኛ በኋላ ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ ጽሑፉን አሳምሬ ጻፍኩ። እሱ የቀባው አንዲት ልብ ብቻ ነበረች። አስተማሪዋ ተቀበለችና «እማዬ ናት የሠራችው? እጇ ይባረክ!» አለችው። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ እጄን ይዞ «እማዬ፣ የኔ ካርድስ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁለት።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው። መለካት፣ ማጠፍና ፖስታ መሥራት የእኔ ሥራ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሥዕልና ቃሉ የልጁ ነው። እዚያ ላይ የእኔ እጅ አይገባም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ሁሉ በዚህ ደንብ ላይ የቆመ ነው።

ነገሩ የመጣ ፋሽን መስሎ የሚታየው ካለ እንቁጣጣሽን ያስታውስ። ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ፣ ፀሐይ በከለር ሥለው በየቤቱ «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ያድሉ የለ? ያ ወረቀት ካርድ ነው። ማንም ትልቅ ሰው አላረመውም። ፀሐይዋ ዓይን ቢኖራት፣ የመልአኩ ክንፍ አንዱ ቢያንስ፣ የተቀበለው ሰው ደስ ብሎት ሳንቲም ይሰጣል። እኔ የምፈልገው ያንን ወረቀት ለአስተማሪ ማድረስ ነው።

መቼ ይጀመር?

ካርድ ከሚሰጥበት ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሙ። በአንድ ማታ ይደርሳል ብላችሁ ከጀመራችሁ ልጁ ይደክማል፣ እናንተም ትቆጣላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ደግሞ ሰኔ ክረምት ነው። ኮላና ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ሥራውን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከፋፍሉት። በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። ቅዳሜ ጠዋት በመስኮት ብርሃን መሥራት ከማታው ይሻላል። መብራት ቢጠፋም ግድ የለም።

ሰኔ ያመለጠው ሰው መስከረምን ይጠብቅ። የዓለም የመምህራን ቀን በፈረንጆች ኦክቶበር 5 ይውላል፤ መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በእኛ መስከረም 25 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ሆና ባለፈችበት ዓመት ግን መስከረም 24 ላይ ይውላል። ለመስከረሙ አንድ ችግር አለ። ልጁ አዲሷን አስተማሪ ገና አላወቃትም። ስለዚህ እኛ በመስከረም የምንሰጠው ለአምና አስተማሪ ነው። «አልረሳሁሽም» ማለት ነው፣ እሱም ራሱን የቻለ ምስጋና ነው።

ዕቃው

ብዙ ነገር አትግዙ። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ወፍራም ነጭ ወይም ክሬም ወረቀት፣ በኤ4 መጠን (ከአንዱ ሁለት ካርድ ይወጣል)
- ለፖስታ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ለአንድ ካርድ አንድ
- ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ
- ጫፉ የማይወጋ የልጅ መቀስ
- ኮላ
- ልጁ የለመደው ከለር

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፎቶ ኮፒው ወረቀት ብዙውን ጊዜ 80 ግራም ነው። ለካርድ ይልፈሰፈሳል፣ ቀለምም ሲነካው ይኮማተራል። ከ160 እስከ 200 ግራም ያለውን ፈልጉ። ግራሙን የማያውቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ «ለጥረዛ ሽፋን የሚሆነውን ወፍራሙን ስጠኝ» በሉት፣ ይገባዋል። ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ዩኒቨርሲቲው ስላለበት የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ቤት አይጠፋበትም። እኔ ከዚያ በፍሬ ነው የምገዛው፤ አራት አምስት ወረቀት ለአንድ ቤት ይበቃል። ፒያሳ ድሮ የማውቃቸው ሱቆች ብዙዎቹ ተነሥተዋል። መርካቶ የሚያዋጣው ለክፍሉ ልጆች ሁሉ በጅምላ ስትገዙ ነው።

ኮላ ከሌለ ቤት ውስጥ ይሠራል። አንድ ሲኒ ፉርኖ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ አሽታችሁ ጓጉሉ ይጥፋ። አራት ሲኒ ውኃ ጨምራችሁ በትንሽ እሳት እያማሰላችሁ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አብስሉት። ሲቀዘቅዝ ይለጥፋል። ከሁለት ቀን በላይ አታስቀምጡት፣ ይሸታል።

ብልጭልጭ ዱቄት አትግዙ። ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፍ ላይም ወር ሙሉ አይለቅም።

ከሁሉ በፊት ቃሉ

ብዙ ሰው ሥዕሉን አስቀድሞ ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ያኔ ልጁ ደክሞታል፣ «ቲቸር እወድሻለሁ» ይልና ይሄዳል። እኔ የምጀምረው ከቃሉ ነው፤ ሥዕሉም የሚወጣው ከቃሉ ነው።

ልጁን «አስተማሪህን ለምንድን ነው የምታመሰግናት?» ብላችሁ አትጠይቁት። መልሱ «ስላስተማረችኝ» ነው፣ ሌላ አይመጣም። የአምስት ዓመት ልጅ በሐሳብ ሳይሆን በሆነ ነገር ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ የሆነውን ጠይቁት። ምሳ እያበላችሁት ወይም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ እንደ ጨዋታ አድርጋችሁ፦

«ያን ቀን ስታለቅስ ቲቸር ምን አለችህ?»
«ምሳ ዕቃህ የተደፋ ቀን ማን ጠረገልህ?»
«ቲቸር ምን ስታደርግ ነው ክፍሉ ሁሉ የሚስቀው?»
«ክፍል ውስጥ ማን ነው ጫማህን የሚያስርልህ?»

ከዚያ ዝም በሉ። ልጁ ያስብ። ልጄ አንድ ዓመት «እንቁራሪት ሆና ትዘላለች» አለኝ። በሌላው ዓመት ደግሞ «ዚፔ እምቢ ሲለኝ ትዘጋልኛለች»። እኔ ዓመቱን ሙሉ በየማታው ደብተሩን እያየሁ ስለዚያ ዚፕ አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ጠዋት በብርድ ትምህርት ቤት ሲደርስ ያስለቀሰው ዚፑ ነበር፤ የዘጋችለትም እሷ ናት።

ያለውን እንዳለው ጻፉት። ወዲያው፣ በስልክም ቢሆን። አታሳምሩት። «ዚፔን ስለዘጋሽልኝ አመሰግናለሁ» ካለ በቃ፣ ካርዱ ተገኝቷል። «ለተደረገልኝ እንክብካቤ ሁሉ» ብላችሁ አትለውጡት። አስተማሪዋ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ከትምህርት ቤቱም ታገኛለች። የዚፑን ነገር ግን ከእሱ በቀር ማንም አይነግራትም።

እዚህ ላይ «አንቺ» ይባል ወይስ «እርስዎ» የሚል ክርክር ይነሣል። በእኛ ቤትም ከአያትየው ጋር ተነሥቷል። እኔ የምለው፣ ልጁ ክፍል ውስጥ በሚጠራት ይጻፍ። ለወጣቷ ቲቸር «አንቺ» የሚላት ከሆነ ካርዱ ላይ «እርስዎ» ሲሆን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። በዕድሜ ለገፉ መምህር ወይም ልጁ ራሱ «እርስዎ» ለሚላቸው ደግሞ «ስለዘጉልኝ» ይሁን። «አመሰግናለሁ» የምትለው ቃል ግን ለሁሉም ስለምትሆን ፊት ለፊት እሷን ጻፉ፣ የቀረው ውስጥ ይግባ።

መቁረጥና ማጠፍ

ይህ የእናንተ ሥራ ነው፤ ልጁ ሲተኛ ብታደርጉትም ችግር የለውም። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ረጅሙን ጎን እኩል ከሁለት ክፈሉት፤ ሁለት 21 በ14.85 የሆኑ ወረቀቶች ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ከ21ዱ እኩሌታ ላይ ሲታጠፍ 10.5 በ14.85 የሆነ ካርድ ይወጣዋል። እጥፋቱ ከላይ ይሁን። ያኔ ካርዱ እንደ ድንኳን ጠረጴዛ ላይ ይቆማል።

ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ሲታጠፍ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። መድኃኒቱ ያለቀው እስክሪብቶ ነው። 10.5 ላይ ማስመሪያውን አስደግፋችሁ በባዶው እስክሪብቶ ጫን ብላችሁ አስምሩ። ከዚያ በመስመሩ እጠፉት፤ በማንኪያ ጀርባ ዳምጡት። ደግሞ ወረቀት እንደ እንጨት የሚተኛበት አቅጣጫ አለው። በሁለቱም በኩል ቀስ ብላችሁ ለመጥ አድርጉትና ሞክሩት። በቀላሉ የሚለመጥበት በኩል ማጠፍ ይሻላል።

ከሚያስፈልገው አንድ ትርፍ አዘጋጁ። ልጁ ሲያበላሽ «ሌላ አለ» ማለት እንድትችሉ።

ሥዕሉ፣ እንደ ዕድሜው

ሦስትና አራት ዓመት ለሆነው ልጅ ብሩሽ አትስጡት። ጣት አለው። ቀለሙም ኩሽና ውስጥ አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሁለት ማንኪያ ውኃ በጥብጡ። ከአቦሉ የተረፈ ወፍራም ቡና በሌላ ሲኒ አድርጉ። ቀይ ሥር ፈቅፍቃችሁ ጨምቁ፤ ደማቅ ሮዝ ይወጣዋል። ወደ አፉ ቢወስደውም አያስፈራም።

አሁን አውራ ጣቱን ቡና አስነክታችሁ ወረቀቱ መካከል አንድ ጊዜ ይጫን። ያ የአበባው ልብ ነው። ጣቱን ጠርጋችሁ እርዱን ያስነካ፣ በዙሪያው ይጫን። አደይ አበባ ወጣች። ግንዱን በአረንጓዴ ከለር ራሱ ያውርደው፤ ቢጣመም ይጣመም። እርድ ሥር ስለሚዘቅጥ ባስነካ ቁጥር አማስሉት። ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም፣ አሮጌ ቲሸርት አልብሱት፣ ጠረጴዛውንም ጋዜጣ አንጥፉበት። አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ የእርድ ጠብታ ሳሙና ሲነካው ቀይ ይሆናል። ልጄ ይህን ያየ ቀን ካርዱን ትቶ ሲታጠብ ዋለ።

ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ ትንሽ ሊጥመለመል ይችላል። ከከባድ መጽሐፍ በታች አንድ ሌሊት ይደር። እነዚህ የኩሽና ቀለሞች ፀሐይ ላይ ስለሚደበዝዙ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት።

ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ የድንች ማኅተም ይሆናል። ድንቹን ለሁለት ቁረጡ፣ ፊቱን በጨርቅ አድርቁ፤ ካልደረቀ ቀለሙን ያቀጥነዋል። አራት ማዕዘን አድርጋችሁ በቢላ ቅረጹት፤ ቢላው በእናንተ እጅ ይሁን። ሳህን ላይ የታጠፈ ጨርቅ አድርጋችሁ ቀለሙን አፍስሱበት፣ ልጁ ድንቹን እዚያ እየነካ ይምታ። ማኅተሙን አዞሮ በጫፉ ካቆመው እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይሆናል። በካርዱ ታችኛ ጠርዝ ላይ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መስመር አንዱን በእርድ አንዱን በቀይ ሥር እያፈራረቀ ይደርድር። ልጆች መደርደር ይወዳሉ። ባምያ ካገኛችሁ ደግሞ በአግድም ስትቆርጡት ያለ ምንም ቅርጽ ኮከብ ያትማል።

እውነተኛ ጥለት የሚፈልግ ሰው ሽሮ ሜዳ ልብስ የሚሰፉ ሰዎችን ቁርጥራጭ ይጠይቅ። ጣት የምታህል ቁራጭ ለአንድ ካርድ ትበቃለች። ኮላውን ጨርቁ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ በስሱ ቀቡ፤ ጨርቁ ላይ ከቀባችሁት ዘልቆ ይታያል።

ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ሲከፈት የሚነሣ አበባ መሥራት ይችላል። ካርዱ እንደ ታጠፈ፣ ከእጥፋቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር የሚገቡ ሁለት መስመሮች በእርሳስ አስምሩ። በመካከላቸው 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ልጁ ሁለቱን መስመር ይቁረጥ። ካርዱን ከፍቶ የተቆረጠውን ወደ ውስጥ ገፋ ያድርገው፤ ትንሽ ደረጃ ትሆናለች። በሌላ ወረቀት ላይ የሣለውን አበባ ቆርጦ የደረጃዋ ፊት ላይ ይለጥፍ። አበባው ከ6 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፣ ካርዱ ሲዘጋ እንዳይወጣ። ቀዳዳው ከውጭ እንዳይታይ መጠኑ አንድ የሆነ ሌላ ወረቀት በጀርባ ልበጡት። ደረጃዋ ላይ ግን ኮላ አይንካት።

በመስከረም አደይ አበባ ጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ በከባድ መጽሐፍ ሥር ሁለት ሳምንት ያህል ብታደርቁ ለሰኔ ካርድ ትደርሳለች። እኛ ዘንድሮ ስድስት አድርቀን አራቱ ደህና ወጡ።

ፊደሉ

«አመሰግናለሁ» ሰባት ፊደል ነው። የካርዱ ወርድ 14.85 ስለሆነ ሰባት ሳጥን፣ እያንዳንዱ 1.8 ሳንቲ ሜትር፣ በእርሳስ ስታሰምሩ በግራና በቀኝ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። ልጁ በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ፊደል ይጽፋል። ሳጥን ከሌለ «አመሰግ» ላይ ወረቀቱ ያልቅና ያለቅሳል።

ቃሉን በሌላ ወረቀት ላይ ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉለት፣ እያየ ይገልብጥ። ይህን ስትጽፉ መጨረሻዋ «ሁ» መሆኗን ልብ በሉ። «አመሰግናለው» ብሎ መጻፍ በትልልቆቹም ዘንድ በዝቷል፤ ልጁ ከእኛ ስሕተት አይማር። እሱ ራሱ «ግ»ን ገልብጦ ቢጽፋት ግን አትንኩት። ከደረቀ በኋላ ሳጥኖቹን በላጲስ አጥፉ።

ገና ፊደል ያልያዘ ልጅ ካለ ስሙን ብቻ ይጻፍ፣ እሱም ካልሆነ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል። የተናገረውን ቃል ውስጥ እናንተ ጻፉለትና ከሥሩ የጣቱን አሻራ ያኑር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሆነ ልጅ «ታንክ ዩ» ልጻፍ ካለም ይጻፍ። እኔ እንደሚገባኝ ግን አማርኛውን ስትገልጥ የአስተማሪዋ ፊት ሌላ ነው የሚሆነው።

ፖስታ

መቀስ አያስፈልገውም። ተራውን ኤ4 ወረቀት አቁሙት፣ 21ዱ ወርዱ ይሁን። ከታች 11 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ እጠፉ። ከዚያ ግራና ቀኙን 2.7 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ በታጠፈው ላይ እጠፉና ለጥፉ። ከላይ የቀረችው 7.7 ወደ ታች ስትመለስ ክዳን ናት። ካርዱ ልክ ይገባል። ክዳኑን በኮላ አትድፈኑት፤ አስተማሪዋ ስትቀድደው ካርዱም አብሮ እንዳይቀደድ።

ለማን ለማን?

ልጁ የሚላት «ቲቸር» አንድ ብቻ አይደለችም። ረዳት አስተማሪዋ አለች፣ መጸዳጃ ቤት የምትወስደው ሞግዚት አለች፣ ጠዋት በር ላይ ስሙን ጠርተው የሚያስገቡት የጥበቃው ጋሼ አሉ። አምና «ለጋሼስ?» ብላ ካርድ ሥሩ ያለችኝ ሴቷ ልጄ ናት። ካርድ ለአሥር ሰው መሥራት ግን ልጅን ያሰለቻል። ለዋናዋ አስተማሪ ሙሉ ካርድ፣ ለሌሎቹ ከቁርጥራጩ የተሠራ የእጅ መዳፍ የምታህል ባለ አንድ አበባ ወረቀት ይበቃል።

ካርዱ ውስጥ ብር አትጨምሩ። ስጦታ መስጠት የፈለገ ወላጅ ለብቻው ይስጥ። ብር ካለበት ካርዱ መጠቅለያ ይሆናል፣ ልጁም ይህን ያያል።

አሰጣጡ

ጀርባው ላይ የልጁን ስም፣ ክፍሉንና ዓመተ ምሕረቱን በትንሹ ጻፉ። አስተማሪዎች እነዚህን ያስቀምጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ የማን እንደሆነ ይጠፋቸዋል። ጠዋት ስትወጡ ፖስታውን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ከደብተር መካከል አድርጉት። የሰኔ ዝናብ ሰዓት አይጠብቅም።

ካርድ በሚታደልበት ሰዓት አስተማሪዋ በወላጅ ትከበባለች፣ ልጁም ሰው ፊት ያፍራል። ከተቻለ ከዋዜማው ቀን፣ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ክፍል ሲገቡ ይስጣት። ቤት ውስጥ አንድ ሁለቴ ተለማመዱ፦ በሁለት እጁ ይያዝ፣ ጎንበስ ይበል፣ «ቲቸር፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ይበል። እናንተ በር ላይ ቅሩ።